ያለ ፓርቲ ለምርጫ መቅረብ፦ ስለ የግል ዕጩዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየምርጫው ሰሞን በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከፓርቲ ዕጩዎች ጎን ፓርቲ የሌላቸው ሰዎች ስም ይወጣል። ስለ እነርሱ የሚነሱት ጥያቄዎች በየጊዜው የሚመሳሰሉ በመሆናቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቼዋለሁ።

የግል ዕጩ የሚባለው ማን ነው?

የማንኛውም የፖለቲካ ፓርቲ ዕጩ ሳይሆን በራሱ ስም ተመዝግቦ፣ በራሱ የመወዳደሪያ ምልክት የሚቀርብ ሰው ነው። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። በተግባር ግን በዚህ በር የሚገቡት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ከፓርቲው ጋር ተጣልቶ የወጣ ነው። ሌላው በአካባቢው የታወቀ ሐኪም፣ መምህር፣ ነጋዴ ወይም ሰባኪ ሲሆን ለመታወቅ ፓርቲ አላስፈለገውም። ሦስተኛው ከአንድ ፓርቲ ጋር በሐሳብ እየተስማማ የአባልነት መታወቂያውን ብቻ ያልፈለገ ነው። ሦስቱንም «ገለልተኛ» ብሎ በአንድነት ማወደስም ሆነ በአንድነት መጠራጠር ያሳስታል።

በኢትዮጵያ ይፈቀዳል? ምን ያስፈልጋል?

ይፈቀዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ለዜጋ ሰጠ እንጂ ለፓርቲ አባል ብቻ አላለም። ዝርዝሩ ያለው በምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ዕጩው ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 21 ዓመት የሞላው መሆንና ሌሎች መስፈርቶችን ማሟላት አለበት።

ከባዱ ነገር ፊርማው ነው። አዋጁ የግል ዕጩ ከሚወዳደርበት የምርጫ ክልል ቢያንስ 5,000 የድጋፍ ፊርማ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ለአካል ጉዳተኛ ዕጩ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው፤ በዚያው አዋጅ አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም የሚያስፈልገው 10,000 መሥራች አባል ነው፤ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 ይበቃል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ለአንድ ወንበር ብቻውን የሚወዳደር ሰው አንድ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ማስፈረም አለበት ማለት ነው። መሥራች መሆንና ለድጋፍ መፈረም አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ የሆነ ሆኖ መጠኑ የበዛ ይመስለኛል። በብሪታንያ ለፓርላማ የሚቀርብ ሰው የ10 መራጮች ፊርማና 500 ፓውንድ ማስያዣ ይበቃዋል፤ ማስያዣውም ከተሰጠው ድምፅ 5 በመቶ ካላገኘ ይወረስበታል።

በ2013ቱ ምርጫ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ፊርማ የማሰባሰብ ግዴታው ለጊዜው ተነስቶ ነበር። ለመወዳደር ያሰበ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይልቅ በምዝገባው ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን አዋጅና መመሪያ ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤት ወስዶ ያንብብ።

ነገሩ አዲስ ነው?

የለም፤ እንዲያውም ፓርቲው ነው አዲሱ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት (የታችኛው ምክር ቤት) አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ሲፈቅድ በአገሪቱ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ከ1950 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በተካሄዱት ምርጫዎች የተወዳደረው ሁሉ በግሉ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። ያ ዘመን ግን ለግል ተወዳዳሪ ገነት ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ይሳሳታል። ዕጩው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ፓርቲ ባለመኖሩ ለምርጫ የሚቀርብ የጋራ ፕሮግራም አልነበረም፤ መራጩ የሚያውቀው የሰውየውን ስም፣ ቤተሰቡንና ርስቱን ነበር። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ።

ደርግ ያቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ የአንድ ፓርቲ፣ የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ዘመን ነው፤ እዚያ ላይ የሚቆይ ነገር የለም።

ካለፉት ምርጫዎች ያሸነፈ የግል ዕጩ አለ?

አለ፤ ታሪኩም ከሚገመተው በላይ አስገራሚ ነው። ኢትዮጵያ ከ1987 ወዲህ ካየቻቸው ፕሬዚዳንቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግል ተመራጭነት አልፈዋል፤ አንዱ ቤተ መንግሥት ከመግባታቸው በፊት፣ ሌላው ከወጡ በኋላ።

መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ በንጉሡ ዘመን የበቾ ተመራጭና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ማለትም ሁሉም የግል ተወዳዳሪ በነበረበት ፓርላማ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። በ1992ቱ ምርጫ እንደገና ከበቾ በግል ተወዳድረው ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። በ1994 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ብዙ ሰው ስማቸውን አያውቀውም ነበር።

እሳቸው የተኩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ መንገዱን በተቃራኒው ሄዱበት። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ የመሩ፣ ከዚያም የፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። በ1993 ከፓርቲያቸው ከኦሕዴድና ኦሕዴድ አባል ከሆነበት ገዥ ግንባር ከኢሕአዴግ ጋር ተለያዩ። በ1997 በትውልድ አገራቸው በደምቢ ዶሎ በግላቸው ተወዳድረው አሸነፉ። እዚህ ላይ ለርዕሳችን ዋና የሆነ ጉዳይ አለ። አዋጅ ቁጥር 255/1994 ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከወገናዊ ፖለቲካ እንዲርቅ ይጠይቅ ስለነበር በመወዳደራቸው ምክንያት ጥቅማጥቅማቸው ተቋረጠባቸው። ፓርቲ የሌለው ሰው ወገንተኛ ሊባል ይችላል? ሕግ አዋቂዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ። እኔ ግን ለምርጫ የቀረበ ሰው፣ ፓርቲ ኖረውም አልኖረው፣ ፖለቲካ ውስጥ አይደለሁም ሊል አይችልም ባይ ነኝ፤ ለዚህ ሲባል ጡረታን የሚያስቀር ሕግ መውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደግ ሕግ አልነበረም። ዶክተር ነጋሶ ኋላ ላይ የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ አባልና መሪ ሆኑ። ብቻውን አምስት ዓመት የተቀመጠ ሰው መጨረሻው ፓርቲ መሆኑ በራሱ ይናገራል።

በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ምክር ቤቱን ሲሞሉት ከውጭ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ነበሩ። አንዱ መድረክ የተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ ነው። ሌላው ከቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ከዚያ በፊት የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ስማቸው ከከፋ አልፎ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነበር። በ2007 ሁሉም 547 ወንበሮች ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆኑ፤ የግል ተመራጭ አልነበረም። በ2013 ደግሞ አራት የግል ዕጩዎች አለፉ፤ ከመካከላቸው በይበልጥ የሚታወቁት ከአዲስ አበባ የተመረጡት ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ናቸው።

ለምን ጥቂት ብቻ ያልፋሉ? በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አንድ ታዋቂ ሰው አይበቃም?

ሕገ መንግሥቱ በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው እንዲያሸንፍ ይላል። ግማሽ ማግኘት አያስፈልግም። ይህ በወረቀት ላይ ለግል ዕጩ ይመቻል፤ በአካባቢው የሚወደድ ሰው በመላ አገሪቱ ማንም ባያውቀውም ሊያሸንፍ ይችላልና።

ችግሩ ያለው በምርጫው ቀን ነው። አንድ የምርጫ ጣቢያ የሚመዘግበው መራጭ እስከ 1,500 ሰው ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ደግሞ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ይኖራሉ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ከማለዳ ጀምሮ ቆጠራው እስኪያልቅ፣ አንዳንዴም እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ የሚቀመጥ ታማኝ ወኪል ያስፈልጋል። ወኪሉ ውሎ አበል፣ ምግብና መጓጓዣ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ የተፈረመውን የውጤት ቅጽ ይዞ መመለስ አለበት። ፓርቲ ይህን ሁሉ በአባላቱ ያደርገዋል። የግል ዕጩ በዘመዶቹ፣ በቀድሞ ተማሪዎቹ፣ በዕድሩ ወይም በማኅበሩ ሰዎች ነው የሚያደርገው። የሚያሸንፉት የግል ዕጩዎች ከመወዳደራቸው በፊት አንድ ዓይነት ድርጅት የነበራቸው ሰዎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ድርጅቱ ፓርቲ አልተባለም እንጂ አለ።

ገንዘቡና የመገናኛ ብዙኃን ጊዜውም ቀላል አይደለም። በመላ አገሪቱ መቶ ዕጩ ያለው ፓርቲ በአንድ የቴሌቪዥን ክርክር ለመቶውም ይናገራል፤ የግል ዕጩ ያገኛት ደቂቃ ለአንድ ወረዳ ብቻ ናት፤ የሚሰማት አድማጭ አብዛኛው ደግሞ ሊመርጠው የማይችል የሌላ ወረዳ ሰው ነው።

የግል ተመራጭ ማለት ተቃዋሚ ማለት ነው?

አይደለም። ዶክተር ነጋሶ ከገዥው ግንባር ጋር ተለያይተው የገቡ ናቸው። ዲያቆን ዳንኤል ክብረት በግል የተመረጡ ቢሆኑም የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ናቸው። ሁለቱም በሕግ ፊት የግል ተመራጭ ናቸው። አንድ ፓርቲ ወዳጅ በሆነው የግል ዕጩ ወረዳ ዕጩ ባለማቅረብ መንገዱን ሊጠርግለት ይችላል፤ ይህም በብዙ አገር የሚደረግ እንጂ ወንጀል አይደለም። መራጩ ግን ማወቅ አለበት።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነው። የቨርሞንቱ በርኒ ሳንደርስና የሜይኑ አንገስ ኪንግ ያለ ፓርቲ የተመረጡ ሴናተሮች ሲሆኑ በምክር ቤቱ የሚሰለፉት ግን ከዴሞክራቶች ጋር ነው፤ የኮሚቴ ቦታ የሚያገኙትም በእነርሱ በኩል ነው።

አንድ ሰው 547 ወንበር ባለበት ምክር ቤት ገብቶ ምን ይፈይዳል?

በድምፅ ቆጠራ ረገድ በአብዛኛው ምንም። አንድ ፓርቲ ከዘጠና በመቶ በላይ በያዘበት ምክር ቤት የአንድ ሰው «ተቃውሞ» በመዝገብ ላይ የምትሰፍር አንዲት ቁጥር ናት። ይህን ሳይሸፋፍን የሚናገር ዕጩ ብርቅ ነው፤ አብዛኛው መንገድና ሆስፒታል ቃል ይገባል። መንገድ የሚሠራው በበጀት ነው፤ በጀት የሚያጸድቀው አብላጫው ነው።

የሚችለው ነገር መጠየቅ ነው። የምክር ቤት አባል ሚኒስትርን በስብሰባ ፊት መጠየቅ፣ ጥያቄውንም በቃለ ጉባኤ ማስፈር፣ በቋሚ ኮሚቴ ሰነድ ማየት ይችላል። የፓርቲ አባል ጥያቄውን አስቀድሞ ከፓርቲው ጋር ይመክርበታል፤ ይህ ሰው የሚያማክረው የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጹ የተጻፈው ለሁሉም አባላት ነው፤ ያለ ፓርቲ ዲሲፕሊን ሊኖርበት የሚችለው ግን ይህ ብቸኛ ሰው ነው።

ሁኔታው የሚገለበጠው ማንም አብላጫ ሲያጣ ነው። አየርላንድ ለዚህ ምሳሌ ናት። ብዙ የግል ተመራጮች ወደ ፓርላማዋ ይገባሉ፤ መንግሥት ለመመሥረት ጥቂት ድምፅ ሲጎድል ከእነርሱ ጋር ድርድር ይያዛል፤ ለወረዳቸውም ብዙ ነገር ያስገኛሉ። የሌላ ወረዳ ነዋሪ ይህን ሲያይ መናደዱ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው።

የግል ተመራጭ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሆን ይችላል?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ የመንግሥት ሥልጣን የሚረከበው ግን አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች ነው። ፓርቲ ካልመረጠው በቀር አይሆንም። ሚኒስትር ለመሆን ግን የፓርቲ አባልነት በሕገ መንግሥቱ አልተጠየቀም፤ ከምክር ቤት ውጭ የሆነ ሰውም ሊሾም ይችላል።

ከተመረጠ በኋላ ፓርቲ ቢገባስ?

ብዙ መራጭ የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ «እኛ በግልህ መርጠንህ እንዴት ሄደህ ትገባለህ?» ይላል። ህንድ በሕገ መንግሥቷ መልስ ሰጥታዋለች፤ ያለ ፓርቲ የተመረጠ ሰው ከምርጫ በኋላ ፓርቲ ከገባ ወንበሩን ያጣል። የእኛ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም። ያለው መራጩ አመኔታ ሲያጣበት ተወካዩን የሚያወርድበት መብት ነው፤ መብቱ መጻፉና ሥራ ላይ መዋሉ ግን የተለያዩ ናቸው።

የህንድን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በታሚል ናዱ፣ ሞዳኩሪቺ በተባለች የምርጫ ክልል 1,033 ዕጩዎች ቀርበው ነበር፤ አብዛኞቹ ቅሬታቸውን ለማሰማት በግል የተመዘገቡ ገበሬዎች ናቸው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንደ መጽሐፍ ተጠርዞ ታተመ። ከዚያ በኋላ ህንድ የማስያዣ ገንዘቡን በብዙ እጥፍ አሳደገችው። ፊርማም ማስያዣም ፈጽሞ አያስፈልግም ለሚሉ ወዳጆቼ ሁልጊዜ የማነሳው ይህንን ነው። ክርክሬ በመጠኑ ላይ ነው።

ጎረቤቶቻችንስ? ሌላው አፍሪካስ?

ታንዛኒያ የግል ዕጩን አትፈቅድም። ፖለቲከኛው ክሪስቶፈር ምቲኪላ ጉዳዩን ለዓመታት በአገራቸው ፍርድ ቤቶች ተከራክረው በመጨረሻ አሩሻ ወዳለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ክልከላው መብት የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደላቸው። ፍርዱ ግን ክልከላውን አላነሳውም።

ኬንያ በ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ ፈቅዳለች፤ ሰውየው ከምርጫው በፊት ቢያንስ ለሦስት ወራት የፓርቲ አባል ያልነበረ መሆን አለበት። ይህ ገደብ የተቀመጠው በፓርቲ ውስጥ ምርጫ የተሸነፈ ሁሉ በማግሥቱ «የግል ነኝ» ብሎ እንዳይመጣ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የመጡት ብዙዎቹ በፓርቲያቸው ምርጫ የተሸነፉ ነበሩ። በማላዊ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ193 ወንበሮች 55ቱን የያዙት የግል ተመራጮች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ካስገደዳት በኋላ በ2024 የግል ዕጩዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ምርጫ አስገባች፤ አንዳቸውም ግን አላለፉም። ሥርዓቷ የፓርቲ ዝርዝር ላይ የቆመ ስለሆነ አዲስ በር ቢከፈትም ቤቱ የተሠራው ለሌላ ነው።

እስራኤል፣ ጀርመን ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ለምንኖር እንዴት ነው?

እስራኤል ውስጥ ክኔሴት (ፓርላማው) የሚገባው በፓርቲ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩም 3.25 በመቶ ድምፅ ማግኘት አለበት። ስለዚህ በአንድ ከተማ የተከበረ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ብቻውን ተወዳድሮ ሊገባ የሚችልበት መንገድ የለም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ከመጡት የመጀመሪያው የክኔሴት አባል የሆኑት አዲሱ መሰለም የገቡት በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ነው።

በጀርመን 200 ፊርማ ያመጣ ሰው በወረዳው ለቡንደስታግ (ለፓርላማው) በግሉ መወዳደር ይችላል። በ1949 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ሰዎች አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላለፈም።

ኩዌት ከሁሉም የተለየች ናት፤ ፓርቲ በሕግ ስለማይታወቅ የ50ዎቹ ተመራጮች መቀመጫ በሙሉ በግል ነበር የሚያዘው። ቡድኖች ግን በጎሳ፣ በሃይማኖትና በንግድ ትስስር ይፈጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 አሚሩ ምክር ቤቱን በትነውታል።

ለግል ዕጩ ድምፅ መስጠት ድምፅን ማባከን አይደለም?

ከተሸነፈ ድምፅዎ ወንበር አያስገኝም፤ ለተሸነፈ ፓርቲ ቢሰጡም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ፓርቲ አለው ወይ» ሳይሆን «ይህ ሰው የማሸነፍ ዕድል አለው ወይ» ነው። በብሪታንያ የቀድሞው የሌበር ፓርቲ መሪ ጄረሚ ኮርቢን ፓርቲያቸው ዕጩ አላደርግህም ብሏቸው በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከ1983 ጀምሮ በያዙት ወረዳ በግል ቀርበው አሸንፈዋል። በአሜሪካ ደግሞ ሮስ ፔሮ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ለፕሬዚዳንትነት በግል ቀርበው ከሕዝቡ ድምፅ 19 በመቶ ያህል ቢያገኙም፣ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት የየግዛቱ ወኪሎች የአንዱንም ድምፅ አላገኙም። ልዩነቱ ድጋፋቸው የተከማቸበት ቦታ ነው። የኮርቢን ድጋፍ በአንድ ወረዳ ተከማችቶ ነበር፤ የፔሮ በአገሩ ሁሉ ተበተነ።

ቤቴ ለመጣ የግል ዕጩ ምን ልጠይቀው?

«ለምን ፓርቲ አልገባህም?» ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ «ከሁሉም ነጻ ለመሆን» ብቻ ካለ ይግፉበት። ቀጥሎ «ከዚህ በፊት በየትኛው ነበርክ፣ ለምንስ ወጣህ?» ወጪውን ማን እንደሚሸፍንለትም ይጠይቁ፤ ፓርቲ ቢያንስ መዝገብ አለው። በወረዳው የትኛው ፓርቲ ዕጩ እንዳላቀረበ ራስዎ ይመልከቱ። በመጨረሻም ባለፈው ዓመት ምክር ቤቱ ካጸደቃቸው አዋጆች አንዱን አንስተው «አንተ ብትኖር እጅህን ለየትኛው ታወጣ ነበር?» ይበሉት። ፕሮግራም ያልጻፈ ሰው አቋሙ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ውጭ አገር ሆኜ ለአንዱ ድምፅ መስጠት ወይም መወዳደር እችላለሁ?

በ2013ቱ ምርጫ በውጭ አገር የድምፅ መስጫ ጣቢያ አልነበረም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ብዙ መብቶች ቢሰጡትም መምረጥና መመረጥ አልተካተቱም፤ ኢትዮጵያም ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያልቀየረና ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ግን መስፈርቱን ካሟላ እንደማንኛውም ዜጋ መመዝገብ ይችላል።